በቀላሉ የሚሰበር የልጅ አጥንት፦ ከመጀመሪያው ሰዓት እስከ ክትትል፣ ለድሬዳዋና ለሐረር ወላጆችና ጤና ባለሙያዎች

ልጅ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ወይም ባጃጅ ገጭቶት እጁ ቢሰበር ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆሞ ከነበረበት አዳልጦት ብቻ ጭኑ ከተሰበረ፣ ልብስ ሲለብስ ክንዱ ከተሰበረ፣ ወይም ዓመት ሳይሞላ ሁለተኛና ሦስተኛ ስብራት ከመጣ ግን አጥንቱ ልጁ ከመውደቁ በፊት ታሞ እንደነበር መጠርጠር አለበት። እንዲህ ያለውን ስብራት ጀሶ አድርጎ ብቻ መሸኘት ግማሽ ሕክምና ነው። አጥንቱ ብዙ ጊዜ ይገጥማል፤ ያዳከመው ነገር ሳይነካ ስለሚቀር ግን ልጁ ተመልሶ ይመጣል። መነሻው ዕጢ ወይም መግል ከሆነ ደግሞ የባከነው ጊዜ እግርን፣ አንዳንዴም ሕይወትን ያስከፍላል።

መቼ ነው የምንጠረጥረው?

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ ሐኪሙ እስኪጠይቅ ሳትጠብቁ ተናገሩ። ከስብራቱ በፊት ለሳምንታት እዚያው ቦታ ላይ ያመው ነበር፤ በተለይ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም። ቦታው ቀድሞ አብጦ ነበር። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ወይም የገረጣ ፊት አለ። እግሮቹ ጎብጠዋል፣ የእጅ አንጓዎቹ ሰፍተዋል፣ ዘግይቶ ነው የሄደው። የዓይኑ ነጭ ክፍል ወደ ሰማያዊ ይመታል፣ ጥርሱ ይፈረፈራል፣ ከቤተሰብ ውስጥ በቀላሉ የሚሰበር ወይም በወጣትነቱ መስማት የተሳነው ሰው አለ። ልጁ ለረጅም ጊዜ የሚጥል በሽታ መድኃኒት (ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን) ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ወስዷል። በሕመም ምክንያት ለወራት ተኝቷል ወይም ከነጭራሹ መራመድ አይችልም።

ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ከተሰበረ ባለሙያው ሁለት ነገር ጎን ለጎን ማጣራት አለበት፤ የአጥንት በሽታና በሕፃኑ ላይ ሰው ያደረሰው ጉዳት። ይህን ሲጠይቅ ቤተሰብ መቆጣት የለበትም፤ ባለሙያውም አፍሮ ማለፍ የለበትም።

የመጀመሪያው ሰዓት

የተሰበረውን አካል አትሹት፣ አትጎትቱት፣ ጎብጦ ከሆነም ለማቃናት አትሞክሩ። ባገኛችሁበት ቅርጽ ደግፉት።

ለክንድ የሚበቃችሁ አንድ ወፍራም ካርቶን፣ ጥጥ ወይም የታጠፈ ጨርቅ፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ ሻሽና አንድ ነጠላ ነው። ካርቶኑን እንደ ቦይ አጥፉት። ርዝመቱ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች ይያዝ፤ የታችኛው ክንድ ከተሰበረ ከክርን በላይ ተነስቶ እስከ መዳፍ ይድረስ። ውስጡን በጥጥ ሙሉት። ሻሹን ከስብራቱ በላይና በታች እሰሩ እንጂ በትክክል ስብራቱ ላይ አትሰሩ። ከቋጠሮው ሥር አንድ ጣት መግባት አለበት። ከዚያ በነጠላው አንገት ላይ አንጠልጥሉት። ቀለበት፣ አምባርና የአንጓ ክር ከማበጡ በፊት ይውለቅ፤ በኋላ በመቀስም አስቸጋሪ ነው።

ጭን ከተሰበረ በሁለቱ እግሮች መካከል የታጠፈ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አስገብታችሁ የተሰበረውን ከደህናው ጋር በአራት ቦታ እሰሩ። ይህ ልጅ በባጃጅ አይሄድም። ተንጋሎ በአምቡላንስ፣ ካልተገኘም በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ይሂድ።

ለሕመም ፓራሲታሞል በየ6 ሰዓቱ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ አይበልጥም። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የያዘ ከሆነ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 6 ሚሊ ሊትር ያህል፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን 12 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በሾርባ ማንኪያ አትገምቱ፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለኩ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ቆዳው ተቀዶ አጥንት ከታየ ወይም ደም ከስብራቱ ቦታ ከወጣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ፤ ቡናም ሆነ ቅጠል አታስነኩት። ይህ ልጅ ከተቻለ በአንድ ሰዓት ውስጥ የደም ሥር አንቲባዮቲክ መጀመር አለበት፤ የቲታነስ ክትባቱም ይታያል። ሌላም አንድ ነገር፦ አጥንቱን ለማስተካከል ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ስለሚችል በመንገድ ላይ ብስኩትና ወተት አትስጡት። ከማደንዘዣ በፊት ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ከውኃ 2 ሰዓት መራቅ አለበት። የበላበትን ሰዓት ጻፉና ለባለሙያው ንገሩ።

ወጌሻ ዘንድ ከተሄደ

ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ጋ ነው፤ ይህን ለመደበቅ መሞከር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ለጤና ባለሙያው በግልጽ ተናገሩ፤ መቼ እንደታሰረ፣ ስንት ጊዜ እንደታሸ።

አደጋው ሁለት ነው። አንደኛው በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጠብቆ መታሰሩ። ስብራት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አብሮ አይሰፋም። ደም መድረስ ሲያቅተው ጡንቻና ነርቭ በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። በአገራችን ሆስፒታሎች በልጆች ላይ ለሚደረግ የእጅና የእግር መቆረጥ ዋና ዋና ከሚባሉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ሊድን የሚችል ተራ ስብራት የነበረው ልጅ እጁን ያጣል። ሁለተኛው ማሸቱ ነው። መግል ያለበትን አጥንት ማሸት መግሉን ያሰራጫል፤ ዕጢ ያለበትን ማሸት ያደማል፤ የሳሳውን አጥንት ደግሞ ሌላ ቦታ ይሰብረዋል።

ማሰሪያው በቤትም ይሁን በሆስፒታል ይታሰር፣ በመጀመሪያው ቀን በየሰዓቱ ጣቶቹን እዩ። ጥፍሩን ተጫኑና ልቀቁ፤ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። ጣቶቹ ቀዝቅዘው፣ ገርጥተው ወይም ጠቁረው ከታዩ፣ ልጁ ከደነዘዘው፣ ወይም ጣቶቹን ቀስ አድርጋችሁ ስትዘረጉለት ከጮኸ፣ ፓራሲታሞል ወስዶም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ማሰሪያውን ከላይ እስከ ታች እስከ ቆዳው ድረስ ቅደዱት። ጠዋት አይጠበቅም። እጁን በልብ ከፍታ ላይ አድርጋችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ የቀረውን ደም ይቀንሳል።

የት እንሂድ?

በድሬዳዋ ድል ጮራና ሳቢያን፣ በሐረር ጁገልና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲው ሕይወት ፋና ሆስፒታል አሉ። ድንገተኛ ካልሆነ ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ መታወቂያውን አትርሱ። የዕጢ ጥርጣሬ ካለ ወይም የቀጭን አጥንት ውስብስብ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ መጨረሻው አዲስ አበባ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ወይም የኪዩር የልጆች ሆስፒታል። ያ መንገድ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ልጁ በደንብ በተደገፈ ጀሶ፣ የሕመም ማስታገሻና የራጅ ፊልሙ በእጃችሁ ሆኖ ነው መነሳት ያለባችሁ። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በደንገጎ በኩል ያለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት እንኳ ባልታሰረ ጭን የሚቻል ጉዞ አይደለም።

ራጅና የደም ምርመራ

ራጁ ከፊትና ከጎን በሁለት አቅጣጫ መነሳትና አጥንቱን ከላይኛው እስከ ታችኛው መገጣጠሚያ ማሳየት አለበት። ስብራቱን ብቻ የሚያሳይ ጠባብ ፊልም ምክንያቱን ይደብቃል። ባለሙያው ስብራቱን ካየ በኋላ ዓይኑን ወደ ቀረው አጥንት ያዙር። የአጥንቱ ዳር ስስ ነው? ከጫፉ አጠገብ ክፍት ቦታ አለ? ዳሩ ጥርት ያለ ነው ወይስ የተበላ? አዲስ አጥንት እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ውጭ ወጥቷል? ጥርት ያለ ዳር አብዛኛውን ጊዜ ደግ ነገር ነው፤ የተበላ ዳርና ወደ ውጭ የተበተነ አጥንት ዕጢን ያስጠረጥራል። ሪኬትስ (በአብዛኛው በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት የልጅ አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) ሲጠረጠር የእጅ አንጓ ራጅ ይጨመር፤ የአጥንቱ ጫፍ እንደ ሲኒ ጎድጉዶና ተበጣጥሶ ይታያል። የአጥንት መግል በራጅ ላይ ለመታየት ከ10 እስከ 14 ቀን ስለሚፈጅ ትኩሳት ላለው ልጅ «ራጁ ደህና ነው» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም።

ከደም ሙሉ የደም ቆጠራ (ሉኪሚያን፣ ማለትም የደም ካንሰርን ለማየት)፣ ኢኤስአር ወይም ሲአርፒ (ብግነት መኖሩን የሚጠቁሙ)፣ ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ (በሪኬትስ ከፍ የሚል ኢንዛይም) እና የኩላሊት ምርመራ ይታዘዛል። የቫይታሚን ዲ ምርመራ ካልተገኘ ሕክምናው አይዘገይም፤ ራጁና ከፍ ያለ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሪኬትስን ሕክምና ለመጀመር ይበቃሉ።

ጀሶ፦ በደካማ አጥንት ላይ ምን ይለያል?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዙሪያውን የሚዘጋ ጀሶ አይደረግም። ከጀርባ በኩል የሚደግፍ ግማሽ ጀሶ ይደረግና እብጠቱ ሲቀንስ ይሞላል። ለልጅ ክንድ ከ6 እስከ 8 ድርብ፣ ለእግር ከ10 እስከ 12 ድርብ ይበቃል። ከሥሩ ሁለት ድርብ ጥጥ ይጠቅለል፤ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚትና ክርን ላይ ይጨመር። ደካማ አጥንት ያለው ልጅ ብዙ ጊዜ ቀጭንም ስለሆነ ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው።

ድሬዳዋ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ጀሶ ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ያወጣል። ውኃው ጣሪያ ላይ ፀሐይ ከመታው ሮቶ የተቀዳ ሲሆንና ጀሶው ሲወፍር የልጅ ቆዳ ይቃጠላል። ውኃው ሲነካ የማይሞቅ፣ 25 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ጀሶው እስኪደርቅ ትራስ ላይ አታስደግፉት፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ ከ1 እስከ 2 ቀን ይፈልጋል፤ ከዳሌ እስከ እግር የሚደርሰው ደግሞ እስከ 3 ቀን።

ሲያሳክከው እስክሪብቶ ወይም የሹራብ መርፌ አያስገባ፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ከቬንትሌተር ይበቃል። ከጀሶው ውስጥ መጥፎ ሽታ ከወጣ፣ ጀሶው ላይ እርጥበት ከታየ ወይም አንድ ቦታ ላይ የማይለቅ የሚያቃጥል ሕመም ካለ ይከፈት።

ትልቁ ልዩነት ጊዜው ነው። ጤናማ አጥንት 6 ሳምንት ቢታሰር ብዙ አይጎዳም፤ ደካማ አጥንት ግን ያለ እንቅስቃሴ በቆየ ቁጥር የበለጠ ይሳሳል፤ ጀሶው በተፈታ ማግስት ጀሶው ያበቃበት ቦታ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ጀሶ፣ አጭር ጊዜ፣ ፈጣን እንቅስቃሴ ነው። በአንደኛው ሳምንት ራጅ ይነሳ፤ ከቦታው የተንሸራተተ ስብራት ያን ጊዜ በቀላሉ ይስተካከላል፤ ከ3 ሳምንት በኋላ ግን አስቸጋሪ ነው።

እንደ ምክንያቱ ማከም

ሪኬትስ። በጠራራ ፀሐይዋ በድሬዳዋ ሪኬትስ መኖሩ የሚያስገርመው ሰው አይጠፋም። ሕፃኑ ግን ከሙቀት ሽሽት ቀኑን ቤት ውስጥ፣ ሲወጣም ከዓይን ተብሎ ተሸፋፍኖ ነው የሚውለው። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይጠቅምም፤ ገና ስትወጣ ያለችው ለስላሳ ፀሐይም ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ጨረሯ ጥቂት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ እጅና እግር ተገልጦ ይሻላል። ያም ለመከላከል እንጂ ስብራት ያመጣን ሪኬትስ ለማከም አይበቃም። አጥንቱ ድንጋይና አሸዋ ተደርድሮ ሲሚንቶ እንዳልፈሰሰበት ግንብ ነው፤ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

መጠኑ በዕድሜ ነው። ከ1 ዓመት በታች በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፤ ከ1 እስከ 12 ዓመት በቀን ከ3,000 እስከ 6,000 ዩኒት፤ ከ12 ዓመት በላይ 6,000 ዩኒት፤ ቢያንስ ለ90 ቀን። በየቀኑ መስጠት ለማይቻልበት ቤተሰብ አንድ ጊዜ የሚሰጥ መጠን አለ፦ ከ3 እስከ 12 ወር 50,000፣ ከ1 እስከ 12 ዓመት 150,000፣ ከዚያ በላይ 300,000 ዩኒት። ከ3 ወር በታች ላለ ሕፃን በአንዴ የሚሰጥ መጠን የለም። ከሕክምናው በኋላ ለሕፃን 400፣ ለትልልቆቹ 600 ዩኒት በየቀኑ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ የሚበላሹ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የጠብታው ጥንካሬ ነው። በአንዱ ጠርሙስ 400 ዩኒት በአንድ ጠብታ ነው፤ በሌላው 400 ዩኒት በ1 ሚሊ ሊትር። ጠርሙሱን ሳያነቡ «እንደ በፊቱ» መስጠት መመረዝን ያመጣል። እንዲሁም ባለ 300,000 ዩኒቱን መርፌ «ለአጥንቱ» እያሉ በየወሩ ማስወጋት፤ ማስታወክ፣ የሆድ ድርቀት፣ ብዙ ውኃ መጠጣትና የኩላሊት ጠጠር የዚህ ውጤት ናቸው። ሁለተኛው ካልሲየምን መርሳት ነው። አጥንቱ ቫይታሚን ዲ ሲያገኝ ካልሲየሙን ከደም መሳብ ስለሚጀምር ካልሲየም ያልተሰጠው ልጅ እጁ ሊኮማተር፣ ሊንቀጠቀጥም ይችላል። በቀን 500 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋል፤ ሁለት ብርጭቆ ወተት ይህን ያህል ይሰጣል። የላምም የግመልም ወተት ይሆናል፣ ነገር ግን ይፍላ። በአካባቢው ጥሬ የግመል ወተት መጠጣት የተለመደ ቢሆንም ብሩሴላ ራሱ አጥንትና መገጣጠሚያን የሚያጠቃ ተሕዋስ ነው። ወተት ለማያገኝ ቤት ጤፍ፣ ሰሊጥና ጎመን ይረዳሉ፤ ካልበቃ ካልሲየም በሽሮፕ ወይም በክኒን ይታዘዛል።

በ3 ወር ራጅና አልካላይን ፎስፋቴዝ ይደገማል። ለውጥ ከሌለ መድኃኒቱን መጨመር ሳይሆን ኩላሊትንና በዘር የሚመጣውን የፎስፌት ማነስ መመርመር ነው። ጎባጣ እግርን በቀዶ ለማቃናት መቸኮል አያስፈልግም፤ የብዙ ትንንሽ ልጆች እግር በመድኃኒቱ ራሱ እየቀና ይሄዳል፤ ያልዳነ አጥንት ላይ የተሠራ ቀዶ ደግሞ ተመልሶ ይጎብጣል።

የአጥንት ከረጢት። በአጥንት ውስጥ የሚፈጠር፣ ፈሳሽ የያዘ ክፍት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ከትከሻ በታች ባለው የላይኛው ክንድ ይገኛል፤ በራጅ ላይ የተሰበረች ስንጥር ከከረጢቱ ወለል ላይ ወድቃ ትታያለች። ካንሰር አይደለም። ክንዱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በአንገት ማንጠልጠያ ይገጥማል። ስብራቱ ሲድን ከረጢቱ አብሮ የሚጠፋው ግን በጥቂቶች ላይ ብቻ ስለሆነ ክትትሉ አይቋረጥም። እየሰፋ ከሄደ በስቴሮይድ መርፌ ወይም ተጠርጎ በአጥንት በመሙላት ይታከማል። የጭን አናት ላይ ከሆነ ግን መጠበቅ አደገኛ ነው፤ ዳሌው ተጣሞ ስለሚገጥም ቀዶ ሐኪም ቶሎ ይየው።

በተፈጥሮ ተሰባሪ አጥንት (ኦስቲዮጄኔሲስ ኢምፐርፌክታ)። የኮላጅን (ለአጥንት ጥንካሬ የሚሰጥ ፕሮቲን) ጉድለት ነው፤ በወተት እጥረት ወይም በእናት ጥፋት የሚመጣ አይደለም። የሚገርመው ስብራቱ በተለመደው ፍጥነት መግጠሙ ነው፤ ስለዚህ ለሕፃን ከ2 እስከ 3፣ ለትልቅ ልጅ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቀላል ድጋፍ ይበቃል። ቀዶ ካስፈለገ በአጥንቱ ውስጥ የሚገባ ዘንግ ይመረጣል፤ ብረት ሰሌዳ በብሎን ከታሰረ አጥንቱ ከሰሌዳው ጫፍ ላይ ይሰበራል። አጥንት የሚያጠነክረው ዞሌድሮኒክ አሲድ በየ6 ወሩ በኪሎ 0.05 ሚሊ ግራም በደም ሥር በልዩ ሐኪም ብቻ ይሰጣል፤ ቀድሞ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ መስተካከል አለባቸው፤ ከመጀመሪያው መጠን በኋላ አንድ ሁለት ቀን ትኩሳት የተለመደ ነው። በቤት ውስጥ ሕፃኑን በብብቱ ወይም በቁርጭምጭሚቱ አታንሱት። አንዱን እጅ ከራሱና ከጀርባው፣ ሌላውን ከመቀመጫው ሥር አስገቡ። ዳይፐር ሲቀየር እግሩ አይሰቀልም፤ መቀመጫው በመዳፍ ይደገፋል።

መራመድ የማይችል ልጅ። ስብራቱ ብዙ ጊዜ ከጉልበት በላይ፣ እግር ሲዘረጋለት ወይም ልብስ ሲለብስ ነው። አንዳንዱ ልጅ መናገር ስለማይችል ምልክቱ ማልቀስና የሞቀ ጉልበት ብቻ ይሆናል። በጥጥ የደነደነ ለስላሳ ድጋፍ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይበቃል፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ቫይታሚን ዲ ይታሰብበት።

መግል ያለበት አጥንት። ትኩሳትና እብጠት ካለ መግሉ በቀዶ ይፈስሳል፤ እንደ ክሎክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ ለሳምንታት ይሰጣል። በቆየው ዓይነት ላይ የሞተውን አጥንት ለማውጣት መቸኮል የታወቀ ስሕተት ነው፤ በዙሪያው አዲስ አጥንት ሳይጠነክር ከወጣ ክፍተት ይቀራል፣ እግሩም አይቆምም። ቁስል ካለ ጀሶው መስኮት ይከፈትለታል።

ዕጢ ሲጠረጠር። ግማሽ ጀሶ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ሪፈር፤ ሌላ ምንም። ብረት አይገባ፣ ናሙናም እዚያው አይወሰድ። ናሙና የሚወሰደው የመጨረሻውን ቀዶ በሚሠራው ቡድን ነው፤ በተሳሳተ ቦታ የተቆረጠ ቆዳ በኋላ እግሩን ከማዳን ሊከለክል ይችላል። ስብራት መኖሩ ብቻውን እግር ይቆረጣል ማለት አይደለም።

ጀሶው ከተፈታ በኋላ

ቆዳው ይላላጣል፣ እግሩ ይቀጥናል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ሦስቱም ይመለሳሉ። ለብ ባለ ውኃ አጥቡትና ልጁ በራሱ እንዲያንቀሳቅሰው አድርጉ፤ በግድ የሚጎትትለት ሰው አይኑር። እግር ከሆነ መጀመሪያ በመደገፊያ ይቁም፣ ከዚያ ይራመድ። ሩጫና ኳስ በራጅ መግጠሙ ከታየ በኋላ ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው፤ ይህንንም ለትምህርት ቤቱ በወረቀት አሳውቁ። ከረጢት ለነበረው ራጅ በ3፣ በ6 እና በ12 ወር ይደገማል። የራጅ ፊልሞቹን ሳታጥፉ፣ ከፀሐይ ርቆ በጠፍጣፋ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ሐኪም የመጀመሪያውን ፊልም ከአሁኑ ጋር ሳያስተያይ ከረጢቱ መጥበቡን ወይም መስፋቱን ሊያውቅ አይችልም።